ከፎቶ ቀለም ስትወስዱ መጠኑንም ውሰዱ

ጥልፍ የሚጠልፍ፣ ሹራብ የሚሠራ ወይም ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመ የሚሰፋ ሰው ይህ ሳይገጥመው አይቀርም። አንድ የሚያምር ፎቶ ያያል። ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሣ ባሕር ሊሆን ይችላል፤ የዛገ የብረት በርም ሊሆን ይችላል። ከፎቶው አምስት ቀለም ይመርጣል። ክሩን ፈላልጎ ያገኛል፤ ከፎቶው ጋር ቁርጥ ነው። ሠርቶ ሲጨርስ ግን ያ የወደደው ስሜት የለም። አንዳንዴ ሥራው ይጮኻል፤ አንዳንዴ ደግሞ ፈዞ ይቀራል። እያንዳንዱ ክር ለብቻው ሲታይ ልክ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ አይግባቡም።

ይሄኔ ብዙ ሰው «እኔ የቀለም ዓይን የለኝም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የቀለም ዓይን የምንለው ነገር አብዛኛው በልምምድ የሚመጣ ነው። ከፎቶው ቀለሞቹን ወስደናል፤ መጠናቸውን ግን እዚያው ትተነው መጥተናል። ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከፎቶ ቀለም የሚያወጡ አፖች ለዚህ ልማድ ትልቅ አስተዋጽኦ አላቸው። አብዛኞቹ አምስት ወይም ስድስት እኩል ሳጥን ደርድረው ይሰጡናል። በፎቶው ላይ ሰማዩን ሁሉ የሸፈነው ግራጫና በአንዲት ጀልባ ጫፍ ላይ ብቻ የሚታየው ቀይ እኩል ሳጥን ይደርሳቸዋል። እኛም እኩል እኩል ክር እንገዛለን። እኩል እኩል እንጠልፋለን። ፎቶውን ያሳመረው ግን የዚያ ቀይ ትንሽነት ነበር።

አንድ እርግብ፣ ስድስት ቀለም

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በየከተማው የምናያትን ግራጫ እርግብ ጠጋ ብለን እንያት። ሰውነቷ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ፈካ ያለ ግራጫ ነው። ጭንቅላቷ የዚያው ግራጫ ጠቆር ያለው ነው። ክንፏ ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉ። አንገቷ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ያብለጨልጫል። እግሯ ቀላ ያለ ሮዝ ነው። ዓይኗ ብርቱካናማ ነው።

አሁን እነዚህን ቀለሞች በወረቀት ላይ በእኩል ሳጥን ደርድሯቸው። ግራጫ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ሮዝ፣ ብርቱካናማ። እርግብ ናት የሚል አይኖርም። ለልጆች ድግስ የተዘጋጀ ማስጌጫ ነው የሚመስለው። እርግቧ ግን የተረጋጋች ናት፤ ዓይን አትወጋም። ለምን? አብዛኛው አካሏ ግራጫ ስለሆነ ነው። በዓይን ግምት ከአስር እጅ ሰባቱ ወይም ስምንቱ ግራጫ ነው። አረንጓዴውና ሐምራዊው አንገቷ አካባቢ ተወስኖ ቀርቷል። ብርቱካናማው ነጥብ ብቻ ነው።

ሌላም የምታስተምረን ነገር አለ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጎራበት። አረንጓዴውና ሐምራዊው ይነካካሉ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። ብርቱካናማው ግን ከአረንጓዴው ጋር አይገናኝም። ጠቆር ባለው ግራጫ ተከቦ ለብቻው ነው ያለው። ስለዚህም ትንሽ ሆኖ ሳለ ከሩቅ ይታያል። ከእርግቧ ቀለም ወስዳችሁ የአንገት ልብስ ብትሠሩ ብርቱካናማውን ዳር ላይ በአንዲት ቀጭን መስመር፣ ያውም በጠቆረው ግራጫ መካከል አስቀምጡት። መሐል ላይ በሰፊው ከዘረጋችሁት እርግቧ ጠፋች ማለት ነው።

መጠኑን በዓይን መገመት ለሚከብደው ቀላል ዘዴ አለ። ፎቶው ላይ አስር በአስር የሆነ መስመር አስምሩ። መቶ ትንንሽ ሳጥን ይወጣል። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የበዛው ቀለም የትኛው እንደሆነ እያያችሁ ቁጠሩ። ድምሩ መቶ ስለሆነ ቆጠራው ራሱ በመቶኛ ነው። ከዚያ ረዘም ያለ የካርቶን ቁራጭ ውሰዱና ክሩን ጠምጥሙበት፤ ለአምስት ሳጥን አንድ ዙር፣ በጠቅላላው 20 ዙር። አንድ ወይም ሁለት ሳጥን ብቻ ያለው ቀለም ሙሉ ዙር አይደርሰውም። ለእሱ ክሩን ሰንጥቃችሁ አንድ ቀጭን ዘለላ ብቻ አዙሩ። ይህቺ ካርቶን ከየትኛውም የስልክ ምስል የበለጠ እውነቱን ትነግራችኋለች። የተጠመጠመባት የምትሠሩበት ክር ራሱ ነው፤ መጠኑም ልክ ነው።

ይህን ዓይነት ሙከራ ታላላቅ ሠዓሊዎችም አድርገውታል። ቪንሰንት ቫን ጎግ ባለቀለም የሱፍ ክሮችን እርስ በርስ እየጠመጠመ ቀለሞች እንዴት እንደሚስማሙ ይሞክር ነበር። ክሮቹን ያስቀመጠበት ሳጥን ዛሬ አምስተርዳም በሚገኘው በስሙ የተሰየመ ሙዚየም ውስጥ አለ። በቀለም የሚሥል ሰው ክር ካስፈለገው፣ በክር የምንሠራው እኛማ እንዴት አያስፈልገን!

ጥቁሩ ለምን ደከመ?

መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የጉርብትና ነው። ይህን ጉዳይ በደንብ ያጠናው ሰው ሠዓሊ አልነበረም። ሚሼል ኤዤን ሸቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ፓሪስ ውስጥ ጎብለን በተባለው የመንግሥት የግድግዳ ምንጣፍ መሸመኛ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። እዚያ ከጠበቁት ቅሬታዎች አንዱ የጥቁር ክር ጉዳይ ነበር። በሰማያዊና በወይን ጠጅ ጨርቆች ላይ ለጥላ የሚገባው ጥቁር ደካማ ነው፤ አይጠልቅም፤ ይሉ ነበር።

ሸቭረል ከሌላ ቦታ ጥቁር ሱፍ አስመጥቶ አስተያየው። የጎብለን ጥቁር ምንም አልጎደለውም። ማቅለሚያው ደህና ነው፤ ችግሩ ከጎረቤቱ ነው። ዓይናችን አንድን ቀለም ሲያይ አጠገቡ ያለውን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። የሰማያዊ ተቃራኒ ብርቱካናማ ነው። ስለዚህ ከሰማያዊ አጠገብ ያለ ጥቁር ትንሽ የዛገ፣ የደከመ ይመስላል። ሸቭረል ይህን ለዓመታት አጥንቶ በ1839 አሳተመው። ዕድሜ ሰጥቶት 102 ዓመት ኖሯል፤ ጽሑፉ በሽመና ባለሙያዎችም በሠዓሊዎችም እጅ ሲገባ ለማየት በቅቷል።

ይህን ቤታችሁ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከአንድ ጥቅል ግራጫ ክር ሁለት ትንንሽ አራት ማዕዘን ጥለፉ፤ አንዱን በደማቅ ቀይ ጨርቅ ላይ፣ ሌላውን በደማቅ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያዟቸው። ቀዩ ላይ ያለው ግራጫ ወደ አረንጓዴ ያደላል። አረንጓዴው ላይ ያለው ደግሞ ሮዝ ሮዝ ይላል። ክሩ አንድ ነው። ያላመነ ክሩን ሁለቱም ላይ አሻግሮ ይስፋው።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። ክር ስትመርጡ በነጭ ጠረጴዛ ላይ ወይም በመደርደሪያው ላይ እንዳለ አትምረጡ። የምትጠልፉበትን ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። ክሩን ጨርቁ ላይ አኑሩት። ጥቅሉን እንዳለ ሳይሆን አንድ ሁለት ዘለላ ብቻ መዝዛችሁ አኑሩ፤ ጥቅል ክር አብዛኛውን ጊዜ ከተሰፋው ክር ይልቅ ጠቆር ብሎ ይታያል።

ከቀለሙ ስም በፊት

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አልበርት መንሴል የተባለ አሜሪካዊ የሥዕል መምህር የቀለምን ባሕርይ በሦስት ከፍሎ አስቀመጠ። አንዱ ቀለሙ ራሱ ነው፤ ቀይ ነው፣ ሰማያዊ ነው የምንለው። ሁለተኛው ምን ያህል እንደነጣ ወይም እንደጠቆረ ነው። ሦስተኛው ምን ያህል እንደደመቀ ወይም እንደደበዘዘ ነው። እኛ ክር ስንመርጥ ጊዜያችንን ሁሉ በመጀመሪያው ላይ እናጠፋለን። ሥራውን የሚያቆመው ወይም የሚጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ ቀይ አበባ ጠለፋችሁ እንበል። ቀይና አረንጓዴ ተቃራኒ ናቸው፤ አበባው ቦግ ብሎ መታየት ነበረበት። ሆኖም ቀዩና አረንጓዴው እኩል የጠቆሩ ከሆኑ ሦስት አራት እርምጃ ራቅ ስትሉ የአበባው ዳር ይጠፋል። የማየት ችግር ነው ብላችሁ መነጽር አትቀይሩ። ዓይናችን የነገሮችን ቅርጽ የሚለየው በዋናነት በብርሃንና በጨለማ ልዩነት ነው። ከዚህም በላይ ቀይና አረንጓዴን ለይቶ ማየት የሚቸገሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ በተለይ ከወንዶች መካከል። ለእነሱ ያ አበባ ጭራሽ ላይታይ ይችላል።

መፍትሔው ከኪስ አይጠፋም። ክሮቹን ጨርቁ ላይ ደርድራችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ሁለት ክሮች አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ቅርጽ እንዲለዩላችሁ አትጠብቁ። አንዱን አንጡት ወይም አጥቁሩት። እንዲዋሐዱ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ተዉአቸው፤ ለምሳሌ በሰማይ ወይም በውኃ ላይ እንዲህ ያለው ነገር ያምራል። አይናችሁን ጨፈን አድርጎ በሽፋሽፍት ማየትም ወደዚሁ ውጤት ያደርሳል።

ሲቀርቡት ሌላ፣ ሲርቁት ሌላ

ክር ከጠርሙስ ቀለም የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። በቀለም ሥዕል ቢጫና ሰማያዊ ሲቀላቀሉ አረንጓዴ ይሆናሉ። ቀጫጭን ቢጫና ሰማያዊ ክር አጠገብ ለአጠገብ ሲሸመኑ ግን ከሩቅ የሚታየው ያ የጠበቅነው ደማቅ አረንጓዴ አይደለም። ወደ ግራጫ የሚያደላ ደብዛዛ ነገር ነው። ክሮቹ አልተቀላቀሉማ፤ ዓይናችን ነው አማካኙን የወሰደው። ቀይና አረንጓዴም በጣም በትንንሽ ስፌት ከተሰበጣጠሩ ከሩቅ ቡናማ ወይም ግራጫ ይሆናሉ። እነዚያው ሁለት ቀለሞች በሰፋፊ ቁራጭ ጨርቅ ከተቀመጡ ግን አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል።

ለዚህ ነው ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት የስፌቱን ስፋትና የሚታይበትን ርቀት ማወቅ ያለባችሁ። አልጋ ልብስ ከበሩ ላይ ሆነው ነው የሚያዩት። የአንገትጌ ጥልፍ ግን ፊት ለፊት የሚያወራችሁ ሰው ያየዋል። ተቃራኒ ቀለሞችን የምትወዱ ከሆነ ሰፋ ባለ ቦታ ተጠቀሙባቸው። በትንሽ በትንሹ የምትሰበጣጥሩ ከሆነ ደግሞ ተቀራራቢዎችን ምረጡ፤ ሰማያዊን ከአረንጓዴ፣ ቢጫን ከብርቱካናማ።

ይህ የዓይን ነገር ጥቅምም አለው። የጥልፍ ጥጥ ክር በአብዛኛው ስድስት ዘለላ ነው። ሁለት ጥቅል ካላችሁ ከአንዱ አንድ፣ ከሌላው አንድ ዘለላ መዝዛችሁ በአንድ መርፌ መጠቀም ትችላላችሁ። መሐል ላይ የምትፈልጉትን ሦስተኛ ቀለም ሳትገዙ አገኛችሁ። ላባ፣ ፀጉር፣ የዛፍ ቅርፊት በዚህ መንገድ ሲጠለፍ ሕይወት ይኖረዋል።

የክሩ ማንጸባረቅም ሌላ ቀለም ነው። የሚያብረቀርቅ ክር ቁልቁል ሲሰፋና አግድም ሲሰፋ አንድ ዓይነት አይታይም፤ አንዱ ብርሃኑን ወደ እናንተ ይመልሰዋል፣ አንዱ ወደ ሌላ ይወስደዋል። አንድ ቅጠል በአንድ ክር፣ ግማሹን በአንድ አቅጣጫ፣ ግማሹን በሌላ ብትሠሩት ሁለት አረንጓዴ ያለው ይመስላል። ከፋይ ጨርቅ ስትቆርጡም ይህን አስቡ። አንዱ ቁራጭ ከተገለበጠ ከሌላ ጥቅል የመጣ ነው የሚመስለው።

ሐሳቡ ከየት ይምጣ?

ፎቶ ጥሩ መነሻ ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው አሮጌ የጨርቅ ሥራን ነው። ምክንያቱ ናፍቆት አይደለም። ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. በ1856 የመጀመሪያውን በስፋት የተሸጠ ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ እስኪያገኝ ድረስ ጨርቅ የሚነከረው በዕፅዋት፣ በነፍሳትና በማዕድን ነበር። አንድ አቅላሚ እጅ ላይ የነበረው ምርጫ ጥቂት ነው። አረንጓዴ ለማግኘት በቢጫ የተነከረውን እንደገና ሰማያዊ ውስጥ ይነክረዋል። ስለዚህ አረንጓዴው ውስጥ ያው ቢጫ አለ፤ ያው ሰማያዊም አለ። ቀለሞቹ ዘመዳሞች ናቸው። የሚስማሙትም ለዚህ ነው።

በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የባየ ጥልፍ እንይ። 70 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ በሊነን ጨርቅ ላይ በሱፍ ክር የተጠለፈ ሥራ ነው። ኖርማኖች እንግሊዝን የወረሩበትን የ1066 ታሪክ ይተርካል። ጦርነት፣ መርከብ፣ ድግስ፣ ሞት፣ ሁሉ ነገር አለበት። ቀለሞቹ ግን አስር ገደማ ናቸው። ከዋና ዋናዎቹ ማቅለሚያዎች አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ የሚሰጡ ዕፅዋት ነበሩ። ጠላፊዎቹ ተፈጥሮን ልክ እንዳለ ለመቅዳት አልተጨነቁም። ሰማያዊ ፈረስ አለ። ደግሞ ከፈረሱ ማዶ ያሉት እግሮች ከወዲህ ካሉት በተለየ ቀለም ተሠርተዋል፤ የትኛው እግር ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ እንደሆነ ወዲያው ይለያል። ለእኔ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ክሩ የተመረጠው ለሚሠራው ሥራ ነው።

ይህን ዝምድና ዛሬም መኮረጅ ይቻላል። የመረጣችኋቸው ክሮች ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያደሉ እንደሆነ ተመልከቱ። ቀዩ ወደ ቢጫ የሚያደላ ከሆነ፣ አረንጓዴውም ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ነጩም ጥርት ያለ ሳይሆን ክሬም ቢሆን ይስማማሉ። አንዱ ብቻ ከወጣ ያ ነው ሲያስቸግራችሁ የቆየው።

የታተመ ጨርቅ ካላችሁ ደግሞ ዳሩን እዩት። በጨርቁ ጠርዝ፣ የፋብሪካው ስም በሚጻፍበት በኩል፣ ብዙ ጊዜ ባለቀለም ትንንሽ ክቦች ተደርድረው ይገኛሉ። ለኅትመቱ የገቡትን ቀለሞች አንድ በአንድ የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። የጨርቁ ንድፍ አውጪ የለፋበት ምርጫ ተዘጋጅቶ ቀርቦላችኋል፤ ክራችሁን ከክቦቹ ጋር አስተያዩና ውሰዱ። ቆርጣችሁ ከመጣላችሁ በፊት ያንን ጠርዝ አስቀሩት። መጠኑን ግን ከክቦቹ አታገኙትም፤ ለእሱ ጨርቁን ራሱን ማየት ነው።

ስክሪኑን አትመኑ

ስልክ ብርሃን ይረጫል፤ ክር ብርሃን ተቀብሎ ይመልሳል። ስክሪን ላይ የሚያበራ አንዳንድ ሰማያዊና አረንጓዴ በጥጥ ክር ፈጽሞ አይገኝም። ስለዚህ ከስክሪን ላይ የቀለም ቁጥር አይቶ ክር ማዘዝ ለቅሬታ በር መክፈት ነው። ትልልቆቹ አምራቾች እውነተኛ ክር የተጣበቀበት የቀለም ካርድ ያዘጋጃሉ። ከእነሱ አንዱ የሆነውን የዲኤምሲን ብንወስድ የጥልፍ ጥጡ ብቻ 500 ገደማ ቀለም አለው። ብዙ የምትሠሩ ከሆነ ካርዱ ወጪውን ይመልሳል። የታተመ ካርድ ግን ወረቀት ነው፤ ክር አይደለም።

መብራትም ያታልላል። ሁለት ክሮች በአምፖል ሥር አንድ ሆነው፣ በቀን ብርሃን ሲወጡ ሊለያዩ ይችላሉ፤ የተነከሩበት ማቅለሚያ ከተለያየ ይህ ያጋጥማል። ካርቶናችሁን በመስኮት ብርሃንም በማታ መብራትም እዩት። ከሁለቱ አንዱን ማስደሰት የግድ ከሆነ ሥራው የሚውልበትን ብርሃን ምረጡ። መኝታ ቤት የሚሰቀል ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በመብራት ነው።

ለመደቡ የሚሆነውን ክር አንድ ላይ ግዙ። መለያ ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ በአንድ ዙር የተነከሩትን የሚለይ ቁጥር አለ፤ በተለይ በሹራብ ክር ላይ። የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ የዙሩ ቁጥር ከተለያየ ሰፊ መደብ ላይ ልዩነቱ መስመር ሠርቶ ይታያል። ለትንንሾቹ ቀለሞች ግን ብዙም አትጨነቁ።

ሥራውን ጀምራችሁ አንድ መዳፍ የሚያህል ከጠለፋችሁ በኋላ ደስ ካላላችሁ ሁሉንም ለመፍታት አትቸኩሉ። መጀመሪያ በመጠን ትንሹን ቀለም ቀይሩት፤ ጥቂት ስፌት ነው የሚፈታው፣ ለውጡ ግን ብዙ ጊዜ ከተጠበቀው በላይ ነው። እሱ ካልሠራ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሡና እኩል የሆኑትን ሁለቱን ፈልጉ፤ ከሁለቱ አንዱን በዚያው ቀለም ነጣ ወይም ጠቆር ባለ ክር ተኩት። መደቡን መቀየር የመጨረሻው ነው።